ጀልባዋ ስትሞላ ማን ያስቆማታል? የሐይቅ ላይ ሽርሽርና የውኃ ላይ ሕግ ማስከበር

እሑድ ማለዳ በመስቀል አደባባይና በስታዲየም ዙሪያ የጉዞ አውቶብሶች ይሰለፋሉ። የአዘጋጆቹን ማስታወቂያ ደጋግሞ ያየ ሰው ዝርዝሩን በቃሉ ይዞታል፦ ትራንስፖርት፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ የጀልባ ሽርሽር፣ ፎቶግራፍ። አውቶብሱ ስንት ሰው እንደሚጭን፣ ሾፌሩ መንጃ ፈቃድ እንዳለው፣ መኪናው መድን እንደተገባለት ሕጉም ይጠይቃል፣ ትራፊክ ፖሊሱም ያስቆማል። በዚያው ዋጋ ውስጥ ስለተካተተችው ጀልባ ግን አብዛኛው ተጓዥ የሚያውቀው መኖሯን ብቻ ነው።

ጉዳዩን ያደበዘዘው ሌላም ነገር አለ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ስለ ባሕር በርና ስለ ባሕር ኃይል ዳግም መደራጀት ብዙ ስለተነገረ፣ “የውኃ ላይ ሕግ ማስከበር” ሲባል ሐሳባችን በቀጥታ ወደ ቀይ ባሕር ይሮጣል። ባሕር የሌላት አገር የውኃ ላይ ፖሊስ ምን ይሠራላታል የሚለው ቀልድም የመጣው ከዚሁ ነው። እዚህ የሚነሳው ጥያቄ ግን ከከተማው መሃል በፍጥነት መንገዱ የአንድ ሰዓት ያህል ጉዞ ብቻ ስለሚርቁት የቢሾፍቱ ሐይቆች፣ እንዲሁም ስለ ወንጪ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳና ጣና ነው።

ባሕር ኃይል፣ የጠረፍ ጥበቃ፣ ማሪን ፓትሮል

ሦስቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ባሕር ኃይል የጦር ሠራዊት ክፍል ነው፤ ሥራው አገር መከላከል ነው። በተለምዶ ኮስት ጋርድ የሚባለው የጠረፍ ጥበቃ በአገሩ የባሕር ክልል ውስጥ ኮንትሮባንድን ይቆጣጠራል፣ በአደጋ ጊዜ ሰው ያድናል፣ መርከብና ጀልባ ይመረምራል። ማሪን ፓትሮል ግን ከሁለቱም የጠበበ ነው፦ በውኃ ላይ የተሰማራ ፖሊስ ማለት ነው። መንገድ ላይ ትራፊክ ፖሊስ የሚሠራውን በሐይቅና በወንዝ ላይ ይሠራል።

ለዚህ ሥራ ባሕር አያስፈልግም። ባሕር የሌላት ዩጋንዳ በፖሊስ ተቋሟ ውስጥ የማሪን ክፍል አላት። በአሜሪካ የኒው ሃምፕሸር ግዛት ማሪን ፓትሮልም የግዛቱ ፖሊስ አካል ሲሆን፣ ከሥራው ብዙው የሚከናወነው በሐይቆች ላይ ነው። እዚያ አንድ ጀልባ ለሌላ ጀልባ፣ ለዋናተኛ ወይም ለዳርቻ 45 ሜትር ያህል ሲቀርብ አቅጣጫውን ለመምራት ከሚያስችለው ዝቅተኛ ፍጥነት በላይ መሄድ አይፈቀድለትም። ዊኒፔሶኪ በተባለው ትልቁ ሐይቅ ላይ በቀን በሰዓት ከ45 ማይል፣ በሌሊት ከ30 ማይል በላይ መብረር ክልክል ነው። ጉልበቱ ከ25 የፈረስ ጉልበት በላይ የሆነ ሞተር የሚነዳ ዕድሜው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ደግሞ ሥልጠና ወስዶ የምስክር ወረቀት መያዝ አለበት።

መዝናኛ ነው ወይስ መጓጓዣ?

የውጭ አገር የጀልባ ደንብ ተርጉመን እናምጣ የሚሉ ሰዎች በአብዛኛው የሚጠቅሱት የመዝናኛ ጀልባ ደንቦችን ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል። በእነዚያ አገሮች የመዝናኛ ጀልባ የሚባለው ባለቤቱ ቤተሰቡንና ወዳጁን ጭኖ ራሱ የሚነዳው ነው። ለዚህ ዓይነቱ ጀልባ ሕጉ ይላላል፤ ለምሳሌ የአሜሪካ የፌዴራል ደንብ በጉዞ ላይ ባለ ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬት የመልበስ ግዴታ የሚጥለው ከ13 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ነው፤ ለአዋቂው ጃኬቱ በጀልባው ላይ መኖሩ ይበቃል። ገንዘብ ተከፍሎበት ሰው የሚያጓጉዝ ጀልባ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። በዚያው አገር ከስድስት በላይ ከፋይ ተሳፋሪ የሚጭን ጀልባ በኮስት ጋርድ ተመርምሮ የምርመራ ምስክር ወረቀት ካልተሰጠው መንቀሳቀስ አይችልም፤ ስድስትና ከዚያ በታች የሚጭነውም ነጂው የራሱ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል።

አሁን ወደ እኛ ሐይቆች እንመለስ። በቢሾፍቱው ባቦጋያ፣ በሐዋሳ ወይም በባሕር ዳር “ሽርሽር” የምንለው ጉዞ ከሞላ ጎደል በሙሉ የተከፈለበት ጉዞ ነው። የግል ጀልባ ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ይባስ ብሎ በጣና ላይ ማለዳ ወደ ገዳማት ተሳላሚዎችን ያደረሰችው ጀልባ ረፋድ ላይ ጉማሬ ሊያዩ የመጡ ጎብኚዎችን ትጭናለች። በወንጪም ወደ ደሴቱ ቂርቆስ የሚሻገረው ምዕመንና ፎቶ ሊያነሳ የመጣው የከተማ ወጣት የሚሳፈሩት በአንድ ጀልባ ነው። ስለዚህ ለኛ ሁኔታ መመዘኛ መሆን ያለበት ጥብቁ የተሳፋሪ ጀልባ ደንብ ነው። “መዝናኛ” የሚለው ስያሜ የላላውን ደንብ እንዲያስመርጠን መፍቀድ አይገባም። ይህ ልዩነት በንግግራችን ውስጥ ብዙም ሲነሳ አይሰማም፤ ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ የሚያያዘው ከእሱ ጋር ነው።

ጀልባ እንዴት ይገለበጣል?

አደጋ ከደረሰ በኋላ “ማዕበል መታት” የሚል ምክንያት ይቀድማል። ማዕበሉ ግን ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ምክንያት እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

አንዲት ጀልባ ከውኃው በላይ ያላት የጎን ከፍታ ጭነት በጨመረ ቁጥር ይቀንሳል። አሥር ሰው ሲይዝ ከውኃው ሁለት ስንዝር የነበረው ጠርዝ አሥራ ስድስት ሰው ሲሞላበት አንድ ስንዝር ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ሌላ ጀልባ በፍጥነት ሲያልፍ የሚተወው ሞገድ ብቻ ውኃ ለማስገባት ይበቃዋል። ሁለተኛው ጉዳይ የክብደት ማዕከል ነው። ተሳፋሪው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ክብደቱ ዝቅ ይላል፤ ሲነሳ ከፍ ይላል። አንድ ሰው “ያውላችሁ ጉማሬ!” ብሎ ሲጮህ ሁሉም ስልኩን ይዞ ወደ አንድ ጎን ሲቆም፣ ጀልባዋ ባንድ ጊዜ ከላይ ከባድ፣ ከጎን ያዘመመች ትሆናለች። ገብቶ የተጠራቀመ ውኃ ካለባት ደግሞ ውኃው ራሱ ወዳዘመመችበት ጎን ይፈስና መዝመሙን ያባብሰዋል። ከዚያ በኋላ ያለው የሰከንዶች ጉዳይ ነው።

የኛ ሐይቆች የየራሳቸው ጠባይ ይህን ያከብደዋል። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውኃ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳበት አጭርና ቀጥ ያለ ሞገድ ያወጣል። ልምድ ያላቸው ነጂዎች ሩቅ ጉዞን ጠዋት የሚመርጡት ለዚህ ነው። በዚያ ላይ እምቦጭ አለ፦ አረሙ በሞተሩ መዘውር ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ ይቆማል፣ ጀልባዋም ለነፋሱ ጎኗን ሰጥታ ትንሳፈፋለች። የቢሾፍቱ ሐይቆች ተቃራኒ ናቸው። በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ጉድጓዶች በመሆናቸው ባቦጋያ ወደ 65 ሜትር፣ የቢሾፍቱ ሐይቅ ወደ 87 ሜትር ይጠልቃሉ፤ ከዳርቻው ጥቂት እርምጃ እንደራቁ እግር የሚይዘው መሬት የለም። የላንጋኖ ውኃ ቡናማና ድፍርስ ስለሆነ የወደቀ ሰው ከላይ ሆኖ ለሚፈልገው አይታይም። ወንጪ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ያለ ቀዝቃዛ ውኃ ነው፤ በድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የገባ ሰው ሳይወድ በግዱ በኃይል አየር ይስባል፣ አፉ በዚያ ቅጽበት ከውኃው በታች ከሆነ ዋና ማወቁ አያድነውም።

ከፍታው ሞተሩንም ይነካዋል። ቤንዚን የሚያቃጥል ተራ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። በጣና ከፍታ፣ ማለትም 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ 18 በመቶ ያህል ይጎድላል፤ በወንጪ ከሩብ በላይ። በሞተሩ ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት በባሕር ወለል የተለካ ነው፤ በዚያ ተማምኖ የተጫነች ጀልባ ነፋስ ሲጋፈጣት ትርፍ ጉልበት አይኖራትም።

ላይፍ ጃኬት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ኮስት ጋርድ እንዳወጣው አኃዝ እ.ኤ.አ. በ2023 በመዝናኛ ጀልባ አደጋ 564 ሰዎች ሞተዋል። የሞታቸው ምክንያት ከታወቀው ውስጥ 75 በመቶዎቹ የሰጠሙ ሲሆን፣ ከሰጠሙት መካከል ጃኬት መልበስ አለመልበሳቸው ከታወቀው 87 በመቶዎቹ አልለበሱም ነበር። ጃኬት በወንበር ሥር መኖሩ ከመልበስ አይቆጠርም፤ ጀልባ ሲገለበጥ ወንበሩም አብሮ ይገለበጣል። የተለበሰውም ቢሆን ይለያያል። በጀርባው ላይ “50” የሚል የኒውተን (የማንሳፈፍ ኃይል) መለኪያ ያለበት ዋና ለሚችል፣ በዳርቻ አካባቢ ላለ ሰው የተሠራ የመንሳፈፊያ ድጋፍ ነው፤ 100 እና 150 የሚሉት ግን አንገት ላይ ድጋፍ ስላላቸው ራሱን የሳተን ሰው ፊቱን ወደ ላይ ለማዞር ታስበው የተሠሩ ናቸው። ቀለሙ በፀሐይ የነጣ፣ ስፌቱ የተተረተረ፣ ውስጡ የተሰባበረ ጃኬት ደግሞ ቁጥሩ ምንም ቢል አይታመንም። ልኩን ለማወቅ ዘዴው ቀላል ነው፦ ማሰሪያው ሁሉ ከታሰረ በኋላ ሌላ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ሲጎትተው ከአገጭ አልፎ ወደ ጆሮ ከወጣ ሰፍቷል። የአዋቂ ጃኬት የለበሰ ሕፃን ውኃ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱ ወደ ላይ፣ ልጁ ወደ ታች ይሄዳል።

ሌላው ብዙም የማይታወቀው ትንሽ ዕቃ የሞተር ማጥፊያ ገመድ ነው። አንዱ ጫፉ በነጂው እጅ ወይም ጭን ላይ ይታሰራል፤ ሰውየው ከወደቀ ገመዱ ተነቅሎ ሞተሩ ይጠፋል። ገመዱ ካልታሰረ ነጂ አልባዋ ጀልባ እየዞረች የወደቀውን ሰው ራሱን ልትመታው ትችላለች። አሜሪካ ከሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ26 ጫማ፣ ማለትም ከ8 ሜትር ገደማ በታች በሆኑ ጀልባዎች ላይ መጠቀሙን ግዴታ አድርጋለች።

በወረቀት ላይ ያለው

ኢትዮጵያ የውኃ ሕግ የላትም የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። የባሕር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. የወጣ ነው። የማሪታይም ዘርፍ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 549/1999 ደግሞ ዛሬ የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ለሚባለው ተቋም መሠረት ጥሏል፤ የአገር ውስጥ የውኃ ትራንስፖርት ደኅንነትም ከሥራዎቹ አንዱ ነው። ጥያቄው ሐይቁ ላይ ማን ይቁም የሚለው ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 የውኃ ላይ ትራንስፖርትን፣ እንዲሁም ከአንድ ክልል በላይ የሚያገናኙ ወንዞችንና ሐይቆችን ለፌዴራሉ መንግሥት ሲሰጥ፣ አንቀጽ 52 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት አስተዳደርን በፌዴራል ሕግ መሠረት ለክልሎች ይሰጣል። በውጤቱ ጀልባዋን የሚመዘግበው፣ ዳርቻውን የሚያስተዳድረው፣ ለሪዞርቱ ፈቃድ የሚሰጠውና አደጋ ሲደርስ የሚጠራው ፖሊስ የተለያዩ አካላት ናቸው።

የዓለም አቀፍ ስምምነቶችም ክፍተቱን አይሞሉም። እ.ኤ.አ. በ1972 የጸደቀው የግጭት መከላከያ ደንብ ፊት ለፊት የተገናኙ ሁለት ጀልባዎች ሁለቱም ወደ ቀኝ እንዲታጠፉ፣ መንገድ ሲቋረጥ ደግሞ ሌላውን በቀኙ ያየው ቅድሚያ እንዲሰጥ ያዛል፤ ነገር ግን የተጻፈው ለባሕርና ከባሕር ጋር ለተገናኘ ውኃ ነው። በተዘጋ ሐይቅ ላይ የሚሠራው አገሩ የራሱ ሲያደርገው ነው። በጣና ላይ መብራት የሌላት የደንገል ታንኳ ከሞተር ጀልባ ጋር በአንድ ውኃ ላይ ትሄዳለች። የፈጣኑ ጀልባ ሞገድ ዓሣ አጥማጁን እንዳያጥለቀልቀው የሚከለክል የፍጥነት ወሰን ለጎብኚው ብቻ የሚጠቅም አድርጎ ማየት ስህተት ነው።

የደንብ ግልጽነት በወንጀል ሕጉም ውስጥ ዋጋ አለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። ቅጣቱ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት የሚደርሰው አጥፊው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ ግልጽ ደንብና መመሪያን አውቆ ሲጥስ፣ ወይም በመጠጥና በዕፅ ራሱን ስቶ ሲገኝ ነው። “ይህች ጀልባ ከ12 ሰው በላይ አትጭንም” የሚል በጀልባዋ ላይ የተለጠፈ ቁጥር በሌለበት፣ አሥራ ስምንት የጫነ ሰው የትኛውን ግልጽ ደንብ ጣሰ ይባላል?

ፖሊሱ የት ይቁም?

በዚህ ላይ የሚሰሙት አስተያየቶች ተራራቁ። አንደኛው ወገን የፖሊስ ጀልባ ይገዛ፣ ቅኝት ይጀመር ይላል። ሁለተኛው የጀልባ ማኅበራት ሐይቁን ከማንም በላይ ስለሚያውቁት ለእነሱ ይተው፣ ቁጥጥሩ የወጣቶቹን እንጀራ ይዘጋል ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ቅጣት በተጨመረ ቁጥር ጉቦ ይጨምራል ብሎ ይፈራል።

የመጀመሪያው ከርቀት ያማረ ነው። ጣና ግን 84 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጀልባ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። የሚሰጥም ሰው ያለው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። ቅኝት ያስፈልጋል፣ በተለይ ለፍጥነትና ለሰከረ ነጂ፤ ሕይወት የሚያተርፈው ግን በዋናነት ከመነሳት በፊት የሚደረገው ምርመራ ነው።

የማኅበራቱ ክርክር ግማሽ እውነት አለው። ተራ አጠባበቃቸው ሥርዓት ያለው ነው፣ ነፋሱን ከማንም ቀድመው ያውቃሉ። የክፍያው ሥርዓት ግን ሌላ ነገር ይጋብዛል። ክፍያው በነፍስ ወከፍ ሲሆን በቀን አንድ ወይም ሁለት ተራ የሚደርሰው ነጂ እያንዳንዱን ተጨማሪ ሰው ይፈልገዋል። ጀልባዋ በሙሉ ስትከራይ ደግሞ ብዙ ሆኖ ወጪውን መካፈል የሚፈልገው ተሳፋሪው ራሱ ነው። በሁለቱም መንገድ ማንም ክፉ ሳይሆን ጀልባዋ ትሞላለች። ከውጭ የሚቆጥር ሰው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ስለ ጉቦ የሚነሳው ሥጋት በውኃ መሃል ላይ ይበልጥ ይጸናል፤ ሁለት ጀልባ ተጠጋግተው ሲነጋገሩ ምስክር የለም። እዚህ ላይ የመብት ጥያቄም ይገናኛል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1983 የጉምሩክ መኮንኖች ምንም ጥርጣሬ ሳይኖራቸው ጀልባ አስቁመው ሰነድ እንዲመረምሩ ሲፈቅድ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ወደ ባሕር በሚከፈት ውኃ ላይ እንደ መንገድ ቋሚ ኬላ ማቆም አይቻልም የሚል ነው። የኛ ሐይቆች ዝግ ናቸው፣ መሳፈሪያዎቻቸውም ውስን ናቸው። ስለዚህ ያ ምክንያት እዚህ አይሠራም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 ሰውንና ንብረቱን ከዘፈቀደ ብርበራ ሲጠብቅም፣ ሁሉንም በእኩል የሚያስተናግድ የመሳፈሪያ ቁጥጥር በየአጋጣሚው ከሚደረግ ማስቆም ይልቅ ከእሱ ጋር ይስማማል። ተሳፋሪ ቆጥሮ በመዝገብ መጻፍ፣ ጃኬቱን አስለብሶ ማሰሪያውን ማየት፣ የነጂውን ትንፋሽ ማሽተት፣ ነፋስ ከተነሳ መሳፈሪያውን መዝጋት፦ ለዚህ ሥራ ውድ የፖሊስ ጀልባ አያስፈልግም።

ቸል ሲባል የሚሆነውን ቪክቶሪያ ሐይቅ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቴ አሳይቷል። መስከረም 2018 እ.ኤ.አ. 101 ተሳፋሪ እንድትይዝ የተሠራችው ኤምቪ ኔሬሬ የተባለች የታንዛኒያ ጀልባ ኡካራ ደሴት ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ተገልብጣ ከ220 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት ኅዳር በዩጋንዳ በኩል የቅዳሜ ግብዣ የያዘች የመዝናኛ ጀልባ ሰጥማ ከሠላሳ በላይ ሰዎች አለቁ፤ ጀልባዋ ፈቃድ እንዳልነበራት ባለሥልጣናቱ የተናገሩት ከአደጋው በኋላ ነው። የመጀመሪያዋ መጓጓዣ፣ ሁለተኛዋ መዝናኛ ነበረች። ሁለቱም ከመነሳታቸው በፊት ሊታይ የሚችል ጉድለት ይዘው ወጥተዋል።

የአዲስ አበባው ድርሻ

ጀልባዋ ያለችው በሌላ ክልል ስለሆነ ከተማዋ አያገባትም ማለት አይቻልም። ተጓዡ ገንዘብ የከፈለው እዚህ ለተመዘገበ የጉዞ አዘጋጅ ነው፤ ውሉ የተዋዋለው እዚህ ነው። የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድንን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 799/2005 የሚሠራው በመንገድ ላይ ለሚሄድ ተሽከርካሪ እንጂ ለጀልባ አይደለም። ተሳፋሪው ከአውቶብሱ ወርዶ ጀልባዋ ላይ ሲወጣ ያ የግዴታ ሽፋን ዳርቻው ላይ ይቀራል። የአዘጋጆች የንግድ ፈቃድ ሲታደስ ከተመዘገበና ከተመረመረ ጀልባ ጋር ብቻ እንዲዋዋሉ፣ የተሳፋሪ መድንም በዋጋው ውስጥ እንዲያካትቱ ማስገደድ ሐይቁ ላይ አንድም ፖሊስ ሳይጨምር የገበያውን ፍላጎት ይለውጣል። ዋጋው በመጠኑ ይጨምራል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ፈቃድና ጥሩ ጃኬት ያለው ነጂ ግን ከሌለው ጋር በዋጋ ብቻ መወዳደሩ ያበቃል።

ነገሩ በቅርቡ ይሰፋል። ከሕዳሴው ግድብ ጀርባ የተኛው ንጋት ሐይቅ ስፋቱ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ የጣናን ስፋት ከግማሽ በላይ ያህላል። ያለው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ቢሆንም የተኛው ድንበር ተሻጋሪ በሆነ ወንዝ ላይ ስለሆነ በአንቀጽ 51 መሠረት የፌዴራል ጉዳይ መሆኑ እምብዛም አያከራክርም። እዚያ መሳፈሪያ ሲሠራ የተሳፋሪ መዝገብንና በጀልባ ላይ የሚለጠፍ የጭነት ቁጥርን ከመጀመሪያው የፈቃድ ግዴታ ማድረግ ይቻላል። በባቦጋያ ዙሪያ ግን ሪዞርቶቹ የየራሳቸውን መሳፈሪያ በየግቢያቸው ውስጥ ከሠሩ ቆይተዋል፤ እዚያ ከቁጥጥሩ በፊት የሚመጣው ሥራ ስንት መሳፈሪያና ስንት ጀልባ እንዳለ በር እያንኳኩ መቁጠር ነው።